የደነዘዘው ኮምፒዩተርና የእኔ ፍርድ

ኮምፒዩተር ያለው ሰው ሁሉ ይህን ነገር ያውቀዋል። ሥራው አምሮለት፣ ሐሳቡም እንደ ውሃ መፍሰስ በጀመረበት ሰዓት፣ በስክሪኑ ላይ የምትመላለሰው ቀስት እንደ ችካል ቀጥ ብላ ትቀራለች። ማውሱን ቢገፉት አይሄድም፤ ኪቦርዱን ቢቀጠቅጡት መልስ የለም። የዛሬ ልጆች «ስታክ አደረገ» ይሉታል። እናቴ ግን «ደነዘዘ» ትለዋለች፤ ከልጆቹ ቃል የእርሷን ስለ መረጥሁ፣ አንባቢ ይፍቀድልኝና እኔም እንደ እርሷ እያልሁ እሄዳለሁ።

ቤታችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንደኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከእናቴና ከታናሽ እኅቴ ጋራ እኖራለሁ። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። እኅቴ ይህ ሁሉ በደረሰ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ስለ ልጆች ተረት የመመረቂያ ጽሑፍ ታዘጋጅ ነበር። ጽሑፉን የማስረከቢያው ቀን ግንቦት 25 ነው፤ ከዚያች ቀን ያለፈ ሰው ምረቃውን ለሚቀጥለው ዓመት ያሳድራል።

ኮምፒዩተራችን ያገለገለ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኮር ቱ ዱዎ የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ራሙ 2 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ይዞት የመጣው ዊንዶውስ 7 ነበር፤ የዚህም ድጋፍ በ2012 ዓ.ም. አብቅቶ ነበር። ዊንዶውስ 10 ለእርሱ ከባድ ሸክም ነው፤ እርሱም ቢሆን ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ቆሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ እንዲህ ያሉትን አሮጌዎች ገና ከበሩ ይመልሳቸዋል። አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ይህን ሰምቶ «ለምን ሊኑክስ አትጭንበትም?» አለኝ።

ሊኑክስ ማለት ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ወሬውን ለዓለም ያሰማለት፣ ከዚያም ወዲህ በብዙ ሺህ ሰዎች እጅ ያደገ የኮምፒዩተር አስኳል ነው። በነፃ ይገኛል። አሮጌ ዕቃም አይንቅም። ባልደረባዬ ሚንት የተባለውን ዓይነት ጫነልኝ። እኅቴ በዚህ በጣም ተደሰተች፤ ምክንያቱም የአማርኛ ፊደል አብሮት ስላለ፣ «ሰ» ለማለት የላቲኑን ኤስ እየነካች በድምፁ ትጽፍበት ጀመር። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ወዲህ እንዲህ ያለው ነገር ብርቅ መሆኑ ቀርቷል፤ ነገር ግን በራሷ ቤት፣ በራሷ ኮምፒዩተር፣ ያለ ሌብነት በተገኘ ፕሮግራም መጻፏ ለእርሷ ክብር ነበር።

ክብሩ ሁለት ወር አልቆየም። በመጋቢት ውስጥ ኮምፒዩተሩ መደንዘዝ ጀመረ። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ እኅቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አገኘኋት፤ የጻፈችው 14 ገጽ ጠፍቶባት ነበር።

እንግዲህ እኔ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ፈረድሁ። «አንቺ ነሽ! ሠላሳ ገጽ በአንድ ጊዜ ትከፍቻለሽ፣ ቪዲዮ ታያለሽ፣ ጓደኞችሽን ታመጫለሽ» አልኋት። ከዚያም ኪቦርዱን ነቅዬ በቁም ሳጥኔ ውስጥ ቈለፍሁበት፤ እኔ ቤት በሌለሁበት ሰዓት ማንም እንዳይነካው አዘዝሁ። እኅቴ «ወንድም ጋሼ፣ ተረት ብቻ እኮ ነው የከፈትሁት» አለችኝ፤ አልሰማኋትም። እናቴም ዝም አለች። በቤታችን የአባቴን ወንበር ከያዝሁ ወዲህ እናቴ በእኔ ፍርድ ላይ አትናገርም፤ ዝምታዋ ግን ከንግግር ይከብዳል።

ፍርዱ ኮምፒዩተሩን አላዳነውም። ማታ ማታ እኔ በአጠገቧ ተቀምጬ እንኳ ይደነዝዛል። ስለዚህ አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን መድኃኒት ሰጠሁት፤ ፎርማት አደረግሁት። በእኛ ከተማ ፎርማት የኮምፒዩተር ዳማከሴ ሆኗል። ቢዘገይ ፎርማት፣ ቢጮኽ ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋበትም ፎርማት ነው። እኔም ሁሉን ደምስሼ እንደ ገና ጫንሁ፤ አልሻለውም። ሚያዝያ 20 ለሁለተኛ ጊዜ ደመሰስሁት። ሚያዝያ 29 ደግሞ ወደ መርካቶ ሄጄ ካገኘሁት አንድ ያገለገለ ዕቃ ሻጭ ዘንድ 1 ጊጋባይት ራም ገዛሁ፤ ገንዘቤ ለዚያ ብቻ በቃ። በገዛ እጄ ሰካሁት። 3 ጊጋባይት ሆነ፤ ደረቴንም ነፋሁ። ኮምፒዩተሩ ግን ከበፊቱ ይልቅ ከፋበት፤ አንዳንድ ፕሮግራም ያለ ምክንያት ይዘጋ ጀመር። «ሊኑክስ ነፃ የሆነው ለዚህ ነው» ብዬ ደመደምሁ።

በመሬት ቤቱ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸው አንድ ጡረተኛ አሉ። ዕድሜያቸውን ሁሉ በቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ፣ ከራዲዮ መሣሪያዎች ጋራ ያሳለፉ ናቸው። የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ያለ ሽቦ በነፋስ የሚሄደውን ስልክ የሚያስታውስ ስለ ሆነ፣ «እኔ የስሙ ዘመድ ነኝ» እያሉ ይቀልዳሉ። አንድ ቅዳሜ ቡና ሊጠጡ መጥተው ነገሩን ከእናቴ ሰሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ጊዜ ደነዘዘ?» አሉኝ።

«ብዙ ጊዜ» አልኋቸው።

«ብዙ ጊዜ ቍጥር አይደለም። አንተ የሒሳብ ሠራተኛ አይደለህም እንዴ?»

አፈርሁ። እርሳቸው ግን አልለቀቁኝም። «ስለ ኮምፒዩተር አላውቅም፤ ራዲዮ ግን አውቃለሁ። መቀበያው ዝም ሲል መጀመሪያ የምንጠይቀው ‹ሞቷል ወይስ መናገር አቅቶት ነው?› ብለን ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው፣ በደብተር እንጽፋለን። ሦስተኛው፣ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አንለውጥም። አንተ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ደምስሰህ፣ ዕቃ ጨምረህ፣ እኅትህን ቀጥተህ፣ በሽታው ምን እንደ ሆነ ዛሬም አታውቅም።»

ሰኞ ዕለት ባልደረባዬን፣ አንድ ኮምፒዩተር ሞቶ እንደ ሆነ ወይም መናገር አቅቶት እንደ ሆነ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅሁት። የነገረኝ ነገር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያተረፍሁት ዋና ዕውቀት ስለ ሆነ ለአንባቢ እነግራለሁ። ኮምፒዩተሩ ሲደነዝዝ ካፕስ ሎክ የምትባለውን ቁልፍ ንኩና በኪቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ መብራት ተመልከቱ። መብራቷ፣ ዘግይታም ቢሆን፣ ከበራችና ከጠፋች አስኳሉ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አልሞተም። መብራቷ ጨርሶ ካልታዘዘች ግን ነገሩ ከሥሩ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ብልሽት፣ ወይም ስዕሉን የሚያሳየውን ካርድ የሚያዝዘው ፕሮግራም ስሕተት ይሆናል። ከዚህ ጋራ በሣጥኑ ፊት ያለውን የሃርድ ዲስክ መብራት ማየት ያስፈልጋል፤ ሳያቋርጥ የሚበራ ከሆነ ዲስኩ እየተጨነቀ ነው።

እንግዲህ ደብተሩን ማን ይጻፍ? እኔ ቀን ቀን ቢሮ ነኝ። ኪቦርዱን ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ለእኅቴ መስጠት ግድ ሆነብኝ፤ ይህንም ያደረግሁት በደስታ አልነበረም። ግንቦት 6 ጀመረች። ሰዓቱን፣ በዚያ ሰዓት የተከፈተውን ነገር ሁሉ፣ የካፕስ ሎክን መብራት፣ የዲስኩን መብራት፣ የማራገቢያውን ድምፅ በሠንጠረዥ አሰመረች። የእኔ የሒሳብ መዝገብ እንደዚያ ጠርቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ደብተሩን ገልጬ ሳነብ አንድ መስመር ላይ ደረስሁ። «የተከፈተው፦ ጽሑፌ ብቻ። መብራት፦ አልታዘዘም» ይላል። ራሷን ለማዳን ስትል የጻፈችው ነው ብዬ በልቤ ጠረጠርኋት። አልተናገርሁም፤ ነገር ግን ፊቴን ያየች ይመስለኛል። በማግስቱ እሑድ፣ እርሷ ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ የቀን መቍጠሪያውን ብቻ ስመለከት በእኔው እጅ ደነዘዘ። ካፕስ ሎክን ነካሁ፤ መብራት የለም። ደጋግሜ ነካሁ፤ የለም። እናቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና አንድ ቃል ሳትናገር ተመለሰች።

እስከ ግንቦት 14 ድረስ በደብተሩ ላይ 9 መደንዘዝ ተመዘገበ። በ5ቱ የካፕስ ሎክ መብራት ይታዘዛል፤ የዲስኩ መብራት ግን ሳያቋርጥ ይበራል፤ በእነዚያ ሰዓቶች ሁሉ እኅቴ ለጥናቷ የምታነባቸውን ብዙ ገጾች በአንድ ጊዜ ከፍታ ነበር። በ4ቱ መብራቷ ሞታለች፤ የዲስኩም መብራት ጠፍቷል፤ ምን እንደ ተከፈተም ልዩነት አላመጣም። ባልደረባዬም መጥቶ ሊኑክስ በራሱ የሚጽፈውን የውሎ ማስታወሻ አሳየን። ይህ ማስታወሻ ኮምፒዩተሩ ተዘግቶ ከተነሣም በኋላ የፊተኛውን ውሎ ይነግራል። በመጀመሪያው ዓይነት መደንዘዝ ጊዜ በብዙዎቹ ላይ ራም እንዳለቀ የሚናገር ቃል ተጽፏል። በሁለተኛው ዓይነት ግን ጽሑፉ በመካከል እንደ ተቈረጠ ክር ያልቃል፤ አስኳሉ የራሱን ሞት እንኳ ለመጻፍ ጊዜ አላገኘም። የሚያሳዝነው፣ ማስታወሻው የሚጀምረው ከሚያዝያ 20 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ምስክር ሁሉ እኔ በፎርማት ደምስሼዋለሁ።

ወደ ኋላ ሄደን ቀኖቹን ስንመለከት፣ ያ የተቈረጠ ክር የሚመስለው አሟሟት ከሚያዝያ 29 በፊት አንድም የለም። እኅቴ ቀኑን በጣቷ ነካችና «ይህ ቀን ምን ነበር?» አለች። ምን እንደ ነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ራሙን የገዛሁበት ቀን ነው።

በአንድ በሽተኛ ላይ ሁለት በሽታ ነበረ ማለት ነው፤ ሁለተኛውን ያመጣሁት ሐኪሙ እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት አጠፋሁ። በጥድፊያ ሣጥኑን ከፍቼ አዲሱን ራም ነቀልሁ፤ በዚያው ሰዓት የጀሞን የበጋ አቧራ በብሩሽ ጠረግሁ፤ እናቴ በሣጥኑ ላይ ያለበሰችውንም ዳንቴል አነሣሁ። ሁለት ቀን ያለ ሞት አለፈ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ተቈጡ። «አሁን የትኛው እንደ ፈወሰው በምን ታውቃለህ? ራሙ ነው? አቧራው ነው? ዳንቴሉ ነው?» እናቴም ዳንቴሏ መከሰሱን ሰምታ ተከፋች።

ስለዚህ ወደ ፈተና ሄድን። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ከሚያቀርበው ምርጫ ውስጥ ሜምቴስት የሚባል አለ፤ ያለ ሊኑክስ ብቻውን እየሠራ፣ በራሙ ውስጥ ባለው ቦታ ሁሉ ቍጥር እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውን ካላገኘ ይናገራል። ራሞቹን ለየብቻቸው እየሰካን እንድንፈትናቸው ባልደረባዬ መከረን። በመጀመሪያው ሌሊት አሮጌውን ሰክተን ተኛን፤ ከሌሊቱ በስንት ሰዓት እንደ ሆነ እንጃ መብራት ሄደና ሳይጨርስ ቀረ። በሁለተኛው ሌሊት ጨረሰ፤ አንድም ስሕተት የለበትም። በሦስተኛው ማታ የእኔን ሰካነው፤ እራት ሳናነሣ በሰማያዊው ገጽ ላይ ቀይ መስመሮች ተራ በተራ መውረድ ጀመሩ። እኅቴ ቍጭ ብላ ትቈጥራቸው ነበር፤ አንድ መቶ ስትደርስ ተወችው። ለጋሼ ደስታ ስንል፣ መጥፎው ራም ወጥቶ ሳለ ዳንቴሉን አንድ ቀን ሙሉ መልሰን አለበስነው፤ አልደነዘዘም። ማራገቢያው ግን ጮኸ። ዳንቴሉ ከሞቱ ክስ ነፃ ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተዛወረ።

የቀረው የመጀመሪያው በሽታ ነው። ይህን ለመሥሪያ ቤት ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። ራም ማለት ጠረጴዛ ነው፤ ሃርድ ዲስክ መዝገብ ቤት ነው። ጠረጴዛው ሲሞላ ሊኑክስ አንዳንዱን ፋይል ስዋፕ ወደሚባለው የመዝገብ ቤቱ ጥግ ይልካል፤ ሲፈለግ ደግሞ ይመልሳል። ፋይሉ ጥቂት ሲሆን መልካም ነው። ሲበዛ ግን ጸሐፊው አንዱን አስቀምጦ ሌላውን ለማምጣት ሲሮጥ ይውላል፤ አንድ ደብዳቤ እንኳ ሳይጽፍ ይመሻል። ባለጉዳዩ በመስኮቱ በኩል ሲያየው ግን የተኛ ይመስለዋል። አስኳሉ በመጨረሻ ከፕሮግራሞቹ አንዱን አባርሮ ቦታ ያስለቅቃል፤ ነገር ግን የሚያባርረው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ባለ አሮጌ ዲስኩ ሰው እስከዚያ ድረስ ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶታል።

በእኛ ቤት ሲናመን የተባለው ያማረ ገጽ ብቻ፣ ገና ምንም ሳይከፈት፣ 900 ሜጋባይት ያህል ይወስድ ነበር። ኤክስኤፍሲኢ በተባለው ቀለል ያለ ገጽ ለወጥነው፤ ወደ 550 ወረደ። ከዚያ ዜድራም የሚባለውን አስገባን፤ ይህ ፋይሉን ወደ መዝገብ ቤት ከመላክ በፊት በጠረጴዛው ላይ ጨምቆ የሚያጥፍ ነው። ደግሞም ኧርሊ ኡም የሚባል አንድ ዘበኛ አቆምን፤ ራሙ ሊያልቅ ሲል አስኳሉን ሳይጠብቅ ትልቁን በላተኛ ያስወጣል። በላተኛው ሁልጊዜ ኢንተርኔት ማሰሻው ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን አላደረግንም፤ በየቀኑ አንድ አንድ እያልን፣ እኅቴም እየመዘገበች ነበር። ጽሑፍ መጻፊያውም ሊብረኦፊስ በየ10 ደቂቃው ለማገገሚያ ያስቀምጥ የነበረውን በየ2 ደቂቃው እንዲሆን አዘዝነው። ያን በመጋቢት አድርገነው ቢሆን ኖሮ 14ቱ ገጽ ባልጠፋ ነበር።

ሌላም ልጨምር። ኮምፒዩተር ሲደነዝዝ የኀይሉን ቁልፍ ተጭኖ ማጥፋት ፋይልን ይጎዳል። አስኳሉ በሕይወት ካለ፣ አልትንና ፕሪንት ስክሪንን አንድ ላይ ይዞ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ የተባሉትን ፊደላት ጥቂት ሰኮንድ እየቈዩ መንካት ይሻላል። የመጀመሪያው ወደ ዲስኩ መጻፍ ያለበትን ያስጽፋል፤ ሁለተኛው ዲስኩን ከመጻፍ ያግዳል፤ ሦስተኛው መልሶ ያስነሣል። መብራቷ በሞተች ጊዜ ግን ይህ አይሠራም።

ባልደረባዬ እንደሚለው የእኛ ሁለት በሽታዎች ብቻ አይደሉም። ኢንቴል በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ባይ ትሬል የተባሉት ቺፖች ኀይል ለመቈጠብ ሲተኙ ሳይነቁ የሚቀሩበት ዘመን ነበር፤ ለዓመታት ሊኑክስን ያስቸገረ ነገር ነው። የእርሱ ትንሽ ላፕቶፕ እንደዚያ ታሞ፣ አስኳሉ ሲነሣ «በጥልቅ አትተኛ» የሚል አንድ መስመር ጽፎለት ዳነ። ያን መስመር እኔ ሰምቼ በእኛው ላይ ብጽፈው ምንም ባልጠቀመኝ ነበር፤ ቺፑ ሌላ ነውና።

ራሙን ይዤ ወደ ሻጩ ሄድሁ። ያገለገለ ዕቃ አይመለስም አለኝ። መልሼ ይዤው መጣሁ።

በዚያች ማታ እኅቴ ትጽፍ ነበር። ከኋላዋ ቆምሁና «በኪቦርዱ ነገር አጥፍቻለሁ» አልኋት። የሦስት ሳምንት ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው። እርሷም ዞር ሳትል «በ4ቱ ነው እንጂ በ5ቱስ እኔም አለሁበት፤ ብዙ እከፍት ነበር» አለችኝ። ከዚያም «የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ግን ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት።

ጽሑፏን ግንቦት 24 አስረከበች። ደብተሩ እስከ ዛሬ ከኪቦርዱ ሥር አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት መስመር ብቻ ተጨምሮበታል። በሦስቱም ላይ የካፕስ ሎክ መብራት ታዝዟል፤ በሦስቱም ላይ ብዙ ገጽ የከፈትሁት እኔ ነኝ። የተበላሸውን ራም እናቴ ቀዳዳውን አይታ ክር አገባችበትና የቁም ሳጥኑ ቁልፍ መያዣ አደረገችው።